ብዙ ኪሎ ለቀነሰ ሽልማት ይሰጥ? ለሐዋሳዋ ጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 52፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ሐኪሜ በየቀጠሮው ክብደት ይቀንሱ ይሉኛል፤ ብቻዬን ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁን ከእድራችን አባላት መካከል ስኳር ያለብን ዘጠኝ ሰዎች ተሰባስበን በየሳምንቱ ልንመዘን፣ ገንዘብም አዋጥተን በሦስት ወር ውስጥ ብዙ ኪሎ ለቀነሰ ልንሸልም አስበናል። አንዷ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ቀጭን ናቸው፤ ሆኖም እሳቸውም እገባለሁ ብለዋል። በእውነት ቡድን ይጠቅማል? እንዴትስ እንጀምር?»

ምላሽ፦ ቡድኑን መሥርቱ። ሽልማቱን ግን ተዉት፤ ቢያንስ ባሰባችሁት መልክ አታድርጉት። ምክንያቱን አስቀድሜ ላስረዳ፤ እሱ ከተያዘ የቀረው አብዛኛው ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ስኳር ያለበት ሰው በሁለት መንገድ ይከሳል። አንደኛው እናንተ የምትፈልጉት ነው፤ ምግቡ ተመጥኖ፣ እንቅስቃሴው ጨምሮ፣ በሆዱ ዙሪያና በጉበቱ ላይ የተጠራቀመው ስብ ሲሄድ። ሁለተኛው ሕመሙ ራሱ ሲያከሳው ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በግምት ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ውኃም ተከትሎት ይሄዳል። ሰውየው ይበላል፣ የበላው ግን አይጠቅመውም፤ ሰውነቱ ጡንቻውንና ስቡን እያነደደ ያድራል። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም። ቀነስክ ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

ስለዚህ ብዙ የቀነሰ ይሸለም ካላችሁ፣ ገንዘቡን የሚወስደው ከሁላችሁም ይልቅ ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣው ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ በምሠራበት ክሊኒክ አይቻለሁ፤ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ፊቱ በርቶ፣ «ዶክተር፣ ዘንድሮስ ተሳካልኝ» እያለ የገባ። ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሣ ስጠይቀው ዝም አለ። ጣቱ ተወግቶ የወጣው ቁጥር ከ400 በላይ ነበር። መድኃኒቱን አቋርጦ ቅጠል ቀቅሎ ሲጠጣ ከርሟል። ከዚህም የባሰ አለ፦ ኢንሱሊን ያወፍራል ሲባል ሰምተው መርፌውን እየዘለሉ የሚከሱ አሉ። ኢንሱሊን መዝለል፣ በተለይ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባቸው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነፍስ የሚያሳጣ የአሲድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለኪሎ ገንዘብ ስታስቀምጡ በመርፌ የምትኖረው ጓደኛችሁን ያለ ኃጢአቷ ፈተና ውስጥ ታስገቧታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ቡድን ይጠቅማል፤ ይህም እንዲያው ለማጽናኛ የተባለ አይደለም። በአሜሪካ «ሉክ አሄድ» የሚባል ጥናት ነበር፤ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውና ክብደታቸው ከፍ ያለ 5,145 ጎልማሶችን ይዞ ለዓመታት ዘልቋል። አንደኛው ወገን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በወር ሦስት ጊዜ በቡድን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለየብቻ ከባለሙያ ጋር ይገናኝ ነበር። ሌላው ወገን የተለመደውን ሕክምናና ትምህርት ብቻ አገኘ። ዓመት ሲሞላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ ከክብደታቸው 8.6 በመቶ ቀነሱ፤ ሌሎቹ 0.7 በመቶ። በየቀጠሮው «ክብደት ይቀንሱ» ማለት ከዚያ ከሁለተኛው ወገን ዕጣ ብዙም አይሻልም። እኔም ለታካሚዎቼ በየቀኑ የምለው ይህንኑ ስለሆነ ሐኪምዎን ለመውቀስ አይደለም፤ እርስዎ ግን «አልሆነልኝም» ብለው ራስዎን መውቀስዎን ያቁሙ። ብቻውን የተተወ ምክር የሚያመጣው ይህንኑ ያህል ነው።

ያው ጥናት ደስ የማያሰኝ ነገርም አሳይቷል። የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደታሰበው ሳይቀንስ በመቅረቱ በ2012 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደረገ፤ ከቀነሰው ክብደትም ከፊሉ በዓመታት ውስጥ ተመልሷል። በአንጻሩ የተሳታፊዎቹ ስኳር ተሻሽሏል፣ መድኃኒት ቀንሶላቸዋል፣ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ችለዋል፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥም ቀሎላቸዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ኪሎ ቀነስኩ ተብሎ የግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት አይጣልም።

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ፣ ምንም እንኳ የተጠኑት የስኳር ሕመምተኞች ባይሆኑም፣ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ተሳታፊዎቹን አስቀድሞ «ለብቻ መታከም ትመርጣላችሁ ወይስ በቡድን?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ከዚያ ግማሾቹን ከምርጫቸው ጋር፣ ግማሾቹን ከምርጫቸው ውጪ መደባቸው። በቡድን የገቡት የበለጠ ቀነሱ፤ «እኔ ሰው ፊት አልችልም» ያሉት እንኳ ሳይቀሩ። ከዘጠኛችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይን አፋሮች መኖራቸው አይቀርም። እነሱን አትልቀቋቸው።

ምን ያህል ቢቀንሱ ይበቃል? ለእርስዎ 5 በመቶ ማለት 4 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ነው፤ ስኳር መሻሻል የሚጀምረው ከዚያ አካባቢ ነው። 10 በመቶው 8 ኪሎ ከ600 ነው፤ በዓመት ውስጥ ቢደርሱበት ትልቅ ነገር ነው። «ወደ ሠርጌ ጊዜ ኪሎ ልመለስ» የሚል ዕቅድ ካለ ለጊዜው ይቆየን። ስኳር ጭራሽ ይጠፋል ወይ የሚለውን ጥያቄ አንዳችሁ ማንሣታችሁ ስለማይቀር እሱንም ልመልስ። በብሪታንያ የተካሄደና በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ «ዳይሬክት» የሚባል ጥናት ነበር፤ ስኳር ከተገኘባቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸው ሰዎች ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ የያዘ የፈሳሽ ምግብ ወሰዱ። ዓመት ሲሞላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ወሰን በታች ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደ 36 በመቶ ወረደ። እርስዎ ከድንበሩ ላይ ነዎት፤ ተስፋ አይቁረጡ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የስኳርና የግፊት ክኒናቸው ገና በመጀመሪያው ቀን በሐኪም የቆመላቸውና በቅርብ ክትትል ሥር የነበሩ ናቸው። በቤታችሁ ሾርባ ብቻ እየጠጣችሁ አትሞክሩት።

ይህ ወደ መድኃኒቱ ያመጣናል፤ ከሁሉ በፊት መቅደም ያለበትም እሱ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባይ የለውም። ግሊቤንክላማይድ ግን የተመገቡትን አይቶ አይሠራም፤ ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን ያስመነጫል፣ በሰውነት ውስጥም ይቆያል። ትናንት ሁለት እንጀራ ይበላ የነበረ ሰው ዛሬ ግማሽ በልቶ፣ አርባ ደቂቃ ተራምዶ፣ ያንኑ ክኒን ከዋጠ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ኢንሱሊን የምትወጋውም እንደዚሁ። ስለዚህ ቀጠሯችሁ ሩቅ ቢሆን እንኳ ቀድማችሁ ሂዱና «ምግብ ልቀንስ ነው፣ እንቅስቃሴ ልጀምር ነው፣ መድኃኒቴ ይስተካከል?» ብላችሁ ጠይቁ። የኩላሊት ምርመራ ካልተደረገላችሁ ያኔ ይደረግ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ኪሎው ሲቀንስ ብድግ ሲል ቢያዞረው ያው ጉዳይ ነው፤ መጠኑ ይታይለታል። ራሳችሁ ግን አትቀንሱ፣ አታቋርጡ።

ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሁሉ ወደ ስብሰባም ሆነ ወደ እግር ጉዞ ሲመጣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ ይያዝ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ነገር መደናገር ከመጣ ያን በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ካልተነሣ መድገም፣ ሲሻለው ምግብ መብላት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ወዲያው ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ዘጠኛችሁም ይህን እስክታውቁት ድረስ የመጀመሪያው ስብሰባ አላለቀም።

ሚዛኑን በተመለከተ ቀላል ሥርዓት ይበቃል። አንድ ሚዛን፣ አንድ ሰዓት፣ ጫማ አውልቆ፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ቁጥሩ አይነበብም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ደብተር ይጽፈዋል። በደብተሩ ላይ ግን ከኪሎው ጎን ሁለት ዓምዶች ይኑሩ፤ አንዱ በዚያ ሳምንት የተለካ የጠዋት ስኳር፣ ሌላው «ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ተነሣሁ» የሚል። ሁለተኛው አንድ ብር አያስወጣም፤ የመለኪያ ወረቀት በጠፋበትና በተወደደበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ኪሎ ወርዶ ስኳርም ወርዶ ሌሊትም እንቅልፍ ካለ፣ እሰየው። ኪሎ እየወረደ ጥማትና የሌሊት ሽንት ከጨመሩ ግን ጭብጨባ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ሕክምና ያስፈልጋል።

ከሚዛን የሚሻል ርካሽ መለኪያም አለ። ክር ወስደው ቁመትዎን ከተረከዝ እስከ አናት ይለኩበት፤ እዚያው ላይ ቆርጠው ለሁለት ያጥፉት። የታጠፈው ክር እምብርትዎ ላይ ወገብዎን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ጥሩ ነው፤ ክፍተት ካለ የሚጎድለው ያ ክፍተት ነው። ክሩን ደብተሩ ውስጥ ያኑሩት። ኪሎው ቆሞ በሚቀርባቸው ሳምንታት፣ እነሱም መምጣታቸው የማይቀር ነው፣ ክፍተቱ ሲጠብ ማየት ልብ ያጠናል።

ገንዘብ ማዋጣቱን አልቃወምም። እንደ እቁብ አድርጉት፤ ዕጣው ውስጥ የሚገባው ግን ኪሎ የቀነሰ ሳይሆን የመጣ ይሁን። ቀሪ ለሆነ ቅጣት አትጣሉ። ቅጣት የሚያርቀው ይበልጥ ቡድኑ የሚያስፈልገውን ሰው ነው፤ የጨመረ ሰው አፍሮ ይቀራል፣ ቀርቶ ይቀጣል፣ ተቀጥቶ ጭራሽ ይጠፋል። የቡድናችሁ ፈተና የሚመጣው በመጀመሪያው ወር አይደለም፤ ያኔ ሁሉም ሞቅ ያለ ነው። ከፋሲካ ማግሥት፣ ከመስቀል ማግሥት፣ ከፍቼ ጨምበላላ ማግሥት ባለው ሳምንት ነው። ሥጋውና ቅቤው ከተበላ በኋላ ሚዛን ላይ ለመውጣት የሚደፍር ጥቂት ነው። የዚያን ሳምንት ስብሰባ ያለ ሚዛን አድርጉት፤ ብቻ ይገናኙ። የእድር ጥሩምባ ነፊ ሰውን እንደሚያሰባስብ አንድ ሰው በዋዜማው በስልክ እየደወለ ያስታውስ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከዓመት በኋላ በየወሩ፤ ነገር ግን አታፍርሱት። ክብደት የሚመለሰው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት የጎደለበትን ለማስመለስ ረሃብን ጨምሮ፣ ወጪውን ቆጥቦ ይታገላል፤ ቡድኑም መቆየት ያለበት ለዚህ ነው።

በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በወር አንድ ጊዜ የሚገኝላችሁ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ጠይቁ። የቀረውን ራሳችሁ ትመሩታላችሁ፤ መሪው በየተራ ይሁን። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንድ ሰባኪ አይጠፋም፤ የሰማውን ሁሉ የሚያስተምር፣ ማር ስኳር አይደለም የሚል፣ ሽፈራው ጠጥታችሁ ክኒን ጣሉ የሚል። ማር ስኳር ነው። ሽፈራው ቅጠል ነው፤ እንደ ጎመን ቢበላ መልካም፣ በመድኃኒት ምትክ ግን አይሆንም። ለሰባኪው በትሕትና ሦስት ደቂቃ ስጡት።

ምግብ ላይ ረጅም ዝርዝር አልሰጥም፤ ዝርዝር ሰጥቼ የተጠቀመበት ሰው ብዙ አላየሁም። ቁም ነገሩ ያለው ገበታው ላይ ነው። እኛ ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ የራት ሒሳብ የሚጠፋው እዚያ ነው። ራስዎን ከቤተሰብ አይለዩ፤ ግን ከመጀመሩ በፊት ድርሻዎን ፊት ለፊትዎ ያኑሩ፦ ግማሽ እንጀራ፣ ከእሱ የሚበልጥ ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ፣ የቀረው ምስር፣ ሽሮ ወይም ሥጋ። ጤፍ ብረት አለው፣ ይጣፍጣል፣ የእኛ ነው፤ አብዛኛው ግን ያው ስታርች ነውና ጤፍ ስለሆነ አይቆጠርም ማለት አይቻልም። ፍርፍርን በእንጀራ መብላትማ እንጀራን በእንጀራ ማጉረስ ነው፤ ምሳ ላይ ብትተዉት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ቆጮም እንዲሁ ነው። ከእንሰት የሚገኘው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ አይባልም። ቡርሳሜ ሲሆን ደግሞ ቅቤው ይጨመርበታል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ ነው፣ ማንም በአንድ ማንኪያ አያቆምም። ቆጮን ተዉ አልልም፤ ሲዳማ ቤት ተጋብዞ ቡርሳሜ አልበላም ማለት ለጋባዡም ይከብዳል። መጠኑን አሳንሳችሁ ከጎመንና ከዓሣ ጋር ብሉት። ስለ ዓሣ ከተነሣ፣ ሐዋሳ የሚኖር ሰው የፕሮቲን ችግር አለብኝ ብሎ ባያማርር ጥሩ ነው። አሞራ ገደል የሚወጣው ቆሮሶ ዘይት ውስጥ ሰጥሞ ከተጠበሰ ዘይቱን ነው የምትበሉት፤ በሾርባ ወይም በጉላሽ ሲሆን ግን ሆድ ይይዛል፣ ስኳርም አያስነሣም።

የሚጠጣው ነገር ከሚበላው ይልቅ ቶሎ ውጤት ያሳያል። በ300 ሚሊሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የአቮካዶ ጁስ ጤናማ ነው ይባላል። አቮካዶው ስኳሩ ጥቂት ነው፤ ጁስ ቤቱ የሚሞጅርበት ስኳር ግን ጥቂት አይደለም። ስፕሪስ ላይ ማንጎውና ፓፓያውም ይጨመራሉ። ፍሬውን ብሉት፣ አትጠጡት። ስብሰባችሁ ላይ ቡና መፈላቱ ስለማይቀር፣ ከቡናው ጋር የሚቀርበውን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ቆሎ በስኒ ተለክቶ ይሁን እንጂ ሰፌዱ መሐል አይቀመጥ። በጨዋታ መሐል የሚገባ እፍኝ ማንም አይቆጥርም።

ጾም የሚጾሙ ካሉ በራሱ ክብደት ይቀንሳል ብለው አይመኑ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ቅቤ ይቀራል፣ በምትኩ ግን ዘይቱ፣ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ድንቹ ይበረታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ግሊቤንክላማይድን ጠዋት መዋጥ ደግሞ አደገኛ ነው። ረመዳን ለሚጾሙም ይኸው ነው። ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ የክኒኑ ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ይወሰን፤ ኢንሱሊን የምትወጋዋ ደግሞ ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷ ወይም ከሃይማኖት መሪዋም ጋር ትምከር።

አሁን ስለ አንድ ነገር ልናገር፤ የውጭ ጥናት ውስጥ አላገኘሁትም፣ ታካሚዎቼን ግን ከምግብ ይልቅ የሚጥላቸው እሱ ነው። በሌላ አገር ክብደት የቀነሰ ሰው «አማረብህ» ይባል ይሆናል። እዚህ ግን ጎረቤት በር ላይ አስቁሞ «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ይላል። ከንፈር ይመጠጣል። ኤችአይቪ ነው፣ ቲቢ ነው፣ ትዳሩ ተበጥብጦ ነው ይባላል። ከዚያ እናት ትመጣለች፣ አክስት ትመጣለች፣ «በሞቴ!» እየተባለ ጉርሻው ይዘንባል። አምስት ኪሎ የቀነሰች ሴት በሁለት ለቅሶ ቤትና በአንድ ሠርግ ሦስቱን መልሳ ስትመጣ አይቻለሁ፤ ርቧት ሳይሆን የሰው አፍ ከብዷት። ብቻዎን ሲሆኑ ይህን መቋቋም ከባድ ነው። ዘጠኝ ሆናችሁ፣ ያውም የአንድ እድር ሰዎች ሆናችሁ ስትከሱ ግን ወሬው ራሱ ይለወጣል፦ «እነሱ እኮ ስኳራቸውን እያስተካከሉ ነው» ይባላል። መልሳችሁንም አንድ አድርጉት፤ «ሐኪም ያዘዘኝ ነው፣ ደህና ነኝ» ይበቃል። ከዚህ በላይ ማብራራት ክርክር ይጋብዛል። በየቤታችሁ ምግብ የሚሠራውን ሰው፣ ባለቤት ይሁን ልጅ ይሁን ሠራተኛ፣ አንድ ቀን ስብሰባው ላይ ጥሩት። ወጡን የሚሠራው ሰው ካልገባው እናንተ ብቻ ብትማሩ ዋጋ የለውም።

ለእግር ጉዞ ሐዋሳ ታድላለች፤ ሜዳ ናት፣ ሐይቁም አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ መሄድ ይቻላል። ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ለጀማሪ ግን ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ እንኳ ከበላው ምግብ የሚነሣውን ስኳር ይቀንሳል። ማውራት እየቻላችሁ ትንፋሽ ፈጠን የሚልበት እርምጃ ይበቃል። ታቦር ተራራን ለመውጣት አትቸኩሉ፤ በተለይ ደረቱን የሚይዘው፣ ዓይኑ በስኳር የተጎዳና ያልታከመ፣ ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው አስቀድሞ ይመርመር። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ዳብሱ፤ የደነዘዘ እግር ጠጠር አይነግራችሁም። ስትመለሱ ውስጥ እግራችሁን እዩ፣ ለማየት ካልቻላችሁ ልጅ ይይላችሁ።

በቡድን ስትሆኑ ያለ ክፋት የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ፤ እሱን አስጠንቅቄ ልለፍ። የስኳር መለኪያ አንድ ገዝታችሁ ልትጋሩ ትችላላችሁ፤ መውጊያውን ግን፣ መርፌውንም መርፌው የሚገባበትን እስክሪብቶ መሰል ዕቃም፣ በፍጹም አትጋሩ። መርፌው ተቀይሮ ዕቃው አንድ ከሆነ እንኳ በዓይን የማይታይ ደም ከሰው ወደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለየሰው የየራሱ፣ ስሙ ተጽፎበት። መለኪያው ራሱም ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በሚገባ ይጽዳ። የኢንሱሊን ብዕርም ሆነ ሲሪንጅ አይዋዋሱትም። ክኒን መዋዋስም አይፈቀድም፤ «የእኔ ስላለቀ የአንቺን ስጪኝ» የሚባለው የሁለት ሰው ሕክምና ያበላሻል።

የቀሩት ቀጭኑ ጎረቤታችሁ ናቸው። ስኳር የወፍራም ሰው ሕመም ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ሳይወፍሩ ስኳር የያዛቸው ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከመጀመሪያው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ናቸው። አያስወጧቸው። ይምጡ፣ ይራመዱ፣ ምክሩን ይስሙ፣ ሚዛን ላይም ይውጡ፤ የእሳቸው ግብ ግን አለመቀነስ ነው፤ እንጀራውን መቀነሱም እሳቸውን አይመለከትም። ክብደታቸው እየወረደ ከመጣ መጀመሪያ ስኳራቸው ይለካ፣ መድኃኒታቸው ይታይ። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባቸው፣ ማታ የሚያልባቸው ወይም ምግብ የሚያስጠላቸው ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የአክታ ምርመራ አስደርጉላቸው፤ ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ ምርመራውና ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።